ሦስት ካርዶች በነጭ ጨርቅ ላይ

ጥር 19

አርባ ሁለት የጠረጴዛ ልብስ ተኮስኩ። ሦስቱ ላይ የወጥ እድፍ አለ፣ አልለቀቀም። ባንታየሁ፣ "ገልብጠሽ እጠፊው፣ ማን ያየዋል?" አለኝ። ምግብ ቤቱ የእሱ፣ እድፉም የእሱ። ገልብጬ አጠፍኩት።

ከምግብ ቤቱ ሁርሊንግሃም እስከ ቤቴ ሳውዝ ሲ በሁለት ማታቱ ታክሲ ተሳፍሬ ገባሁ። ጉልበቴ ሲጠዘጥዘኝ ዋለ።

የማኅበራችን እህተማርያም ደወለች። ርብቃ ወልዳለች። መንታ፣ ወንድና ሴት። ባሏ ደቡብ አፍሪካ ብሎ ከሄደ ሰባት ወሩ ነው፣ ድምፁም የለ። በሃያ አራት ዓመቷ ከሁለት ልጅ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ… እንኳን ማርያም ማረችሽ እንላታለን። ሌላ ምን እንላለን?

ጥር 21

የማርያም ማኅበር ነበረ። ተራው የሚልካ። ወጡ ጨው በዝቶበታል፣ ማንም አልተናገረም። እኔ ቤት ቢሆን ይናገሩ ነበር።

ርብቃን ለመጠየቅ ምን ይዘን እንሂድ ተባለ። ሁሉም እንደ ልማዱ ዳይፐር አለ። ሚዛን ግን እንቢ አለች። እዚሁ ናይሮቢ ያደገች ልጅ ናት፣ ኪሊማኒ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች።

"ባለፈው ዘጠኝ ሰው ዘጠኝ ፓኬት አመጣ፣ ሁሉም አንድ ሳይዝ። ልጁ በሁለት ሳምንት በለጠው። ጊፍት ካርድ እንግዛላት፣ ኢት ኢዝ ቤተር። ወተትም ትግዛበት ዳይፐርም፣ የፈለገችውን።"

ጊፍት ካርድ ምንድን ነው አልኩ። የሱፐርማርኬት ካርድ ነው አለች። ገንዘቡን ቀድመሽ ትከፍያለሽ፣ ካርዱን የያዘ ሰው ሄዶ ዕቃ ያነሣበታል። አሥራ አምስት ሺህ ሺሊንግ ተዋጣ። ማን ይግዛ?

"እትዬ ወርቂቱ ትግዛ፣ መንገዷ ነው" አለች እህተማርያም።

እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ሚልካ፣ "ደረሰኝ እንዳትረሺ እንግዲህ፣ ወርቂቱ" ብላ ሣቀች። ሁለት ሦስት ሰው አብሯት ሣቀ።

የዛሬ ስድስት ዓመት የፋሲካ ቅርጫ ማለቷ ነው። ሥጋውን እንድከፍል የላኩት እኔን ነበር። ሥጋ ሻጩ ወረቀት ሰጠኝ፣ ማንበብ ስለማልችል አጣጥፌ ጡቴ ሥር ከተትኩ። ወረቀቱ ላይ ያለውና የሰጡኝ ገንዘብ አልገጠመም። ሌባ ያለኝ የለም። "ሳታውቀው ነው" አሉ። ሳላውቀው… ከዚያ ወዲያ ነው እህተማርያም በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለእናቶች ፊደል ስታስቆጥር ከፊት የተቀመጥኩት። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ። የልጅ ልጅ በሚያስተምሩበት ዕድሜ ሀ ሁ።

ይቺን ደብተር ሚልካ አታነብም። ስለዚህ ልጻፈው። ሲመርጡኝ ደስ ብሎኛል።

ጥር 23

ገዛሁ። ሦስት ካርድ፣ አምስት አምስት ሺህ። ካሸሯ እያንዳንዷን በማሽን አስነካች፣ ደረሰኝ ሰጠችኝ። ደረሰኙን ቆሜ ቁጥር በቁጥር አነበብኩ። ከኋላዬ ያለው ሰው አጉረመረመ። ያጉረምርም።

ቤት ገብቼ ካርዶቹን አገላበጥኳቸው። ጀርባቸው ላይ ጥቃቅን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ ያንን አላውቅም። ቁጥር ግን የሁሉም አገር አንድ ነው። ከሥር ግራጫ ልባስ አለ፣ እንደ ድሮ የስልክ ካርድ። አንዴ ከኪዮስክ የገዛሁት የስልክ ካርድ ተፍቆ የተበላ ሆኖ አግኝቼው አውቃለሁ። እነዚህስ ባዶ ቢሆኑ? ማን ነው ኋላ የሚጠየቀው? በሳንቲም ፋቅኋቸው። አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ቁጥር፣ ሙሉ። ቆጠርኩ።

ከምግብ ቤቱ ለተኩስ ያመጣሁትን ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ዘረጋሁ። ሦስቱን ካርድ ደረደርኩ፣ ከጎናቸው ደረሰኙን። በስልኬ ፊታቸውን አነሣሁ፣ ጀርባቸውን አነሣሁ። ጥርት ያለ ፎቶ። የማኅበሩ ዋትስአፕ ላይ ለጠፍኩት። ከሥሩ በራሴ እጅ ጻፍኩ፦ "አሥራ አምስት ሺህ ሺሊንግ። ደረሰኙ ይኸው። ወርቂቱ።"

እንግዲህ ሚልካ ምን ትላለች?

ጥር 24

ከትናንት ጀምሮ በስልኬ የተጋጠሙ መዳፎች፣ እጅ ነሺ ምልክት፣ ይመጣልኛል። ከጁባ፣ ከካናዳ ሳይቀር። "እትዬ ወርቂቱ ዕድሜ ይስጥሽ።" "የታመነች እናት።" ሚልካም አውራ ጣት ላከች። ደግሜ ደጋግሜ አየሁት።

ጥር 25

እሑድ ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ ርብቃ ዘንድ ሄድን፣ ስድስት ሆነን። ሴቷ ጤነኛ ናት፣ ወንዱ አነስ ይላል። ጡቷ ለሁለት አልበቃም፣ የዱቄት ወተት ታዟል። ካርዶቹን በፖስታ አድርጌ ራሴ ሰጠኋት። "ከሁላችን ነው" አልኩ።

እጄን ሳመች። ሳትጠየቅ።

ጥር 28

ርብቃ ደወለች። መጀመሪያ የምትለው አልገባኝም፣ አንደኛው ሕፃን ያለቅሳል። ሱፐርማርኬት ሄዳ ወተትና ዳይፐር በጋሪ ሞልታ ካሸሩ ጋ ስትደርስ ካርዱ ባዶ ነው አሏት። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም። አንዱን ሕፃን በጀርባዋ አዝላ፣ አንዱን በደረቷ አቅፋ፣ ዕቃውን አንድ በአንድ ወደ መደርደሪያ መልሳ ወጣች።

"እትዬ፣ ምናልባት ሳትሞይው ቀርተሽ ይሆን?" አለችኝ። ልስልስ ብላ።

ደረሰኝ አለኝ አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ጥር 29

ሚዛን ከሥራ አስፈቅዳ አብራኝ መጣች። ካርዶቹን ከርብቃ ተቀብለን ሱፐርማርኬት ሄድን። ከላይ ቢሮ አለ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ወጣት ተቀምጧል። ኮምፒዩተሩን አየ። ከሚዛን ጋር በእንግሊዝኛ ይነጋገራሉ፣ እኔን አልፎ አልፎ ያየኛል።

"ምን አለ?"

"ካርዶቹ በትክክል ተሞልተዋል እትዬ። አንቺ ልክ ነሽ። ግን በገዛሽበት ቀን ማታ፣ ወደ አንድ ሰዓት አካባቢ፣ ሦስቱም በስልክ ትእዛዝ ዕቃ ተነሥቶባቸዋል።"

"ካርዱ እኔ ጋ ነበር እኮ። ሣጥን ውስጥ።"

"ካርዱ አያስፈልግም። ቁጥሩ ይበቃል።"

ወጣቱ ካርዱን ገልብጦ ግራጫው የተፋቀበትን ቦታ በጣቱ ነካ። ማን ፋቀው ይላል። እኔ አልኩ። ሚዛን ዘወር ብላ አየችኝ።

"እትዬ… ግሩፑ ላይ የላክሽው ፎቶ…"

ስልኳን አወጣች። በሁለት ጣቷ ፎቶውን ሰፋ አደረገችው። አሥራ ስድስቱም ቁጥር፣ በሦስቱም ላይ፣ በነጩ ጨርቅ ላይ ተራ በተራ። ሕፃን ልጅ እንኳ አይቶ ይጽፈዋል።

ጀርባው ላይ ያለው እንግሊዝኛ ምን ይላል አልኳት። ልታነብልኝ አልፈለገችም። አንብቢው አልኩ።

"እስክትጠቀሙበት ድረስ አትፋቁ ይላል። ቁጥሩን ለማንም አታሳዩ። እንደ ጥሬ ገንዘብ ያዙት።"

ዕቃውን ማን ተቀበለ ብላ ጠየቀችልኝ። ስም አንሰጥም፣ ፖሊስ ይጠይቀን አለ። "ፖሌ ማማ" አለኝ ስንወጣ። አዝናለሁ ማለቱ ነው። በሩን ከፈተልኝ።

ጥር 30

ፖሊስ ጣቢያ ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት። ትልቁ መዝገብ ላይ ጻፉ፣ ኦቢ የሚሉትን ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ሰጡኝ። ፖሊሱ ክፉ ሰው አይደለም። ብጣሽ ዳቦ እየበላ ነው የሚጽፈው።

"ማማ፣ ፎቶውን ለስንት ሰው ላክሽ?"

"ለስልሳ አንድ" አለች ሚዛን።

መጻፉን አቆመ። ሣቀ፣ ከዚያ አፈረና አጎነበሰ። ከስልሳ አንዱ ማንን ትጠረጥራለሽ አለኝ። ማንን ልበል? ግሩፑ ውስጥ እኮ ለአንድ ቀብር መልእክት ገብታ በዚያው ያልወጣች አለች። የሚስቱን ስልክ የሚይዝ ባል አለ። ጁባ የሄዱ፣ ስማቸውን የማናውቀው፣ ቁጥር ብቻ የሆኑ… ስልክ የተሰረቀበትም አለ።

ማንንም አልጠረጥርም አልኩ።

እንደውልልሻለን አሉኝ።

የካቲት 1

ሚዛን ግሩፑ ላይ ሁሉን አስረድታ ጻፈች። ቁጥሩ ታይቶ ነው፣ ከእንግዲህ ማንም የካርድ ቁጥር ፎቶ አይለጥፍ፣ ሳይሰጥ አይፋቅ፣ ሽፋኑ የተነካካ ካርድ አትግዙ፣ ደውሎ ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ሌባ ነው ብላ። ደግ ልጅ። ግን ማታውን ሚልካ የድምፅ መልእክት ላከች፣ ለሁሉም፦

"መቼ ተበላ? የገዛሽ ቀን ማታ። ካርዱስ ለርብቃ መቼ ደረሰ? እሑድ። በመሃል ማን ጋ ነበር? እኔ ጥያቄ ነው የጠየቅሁት፣ ማንንም አላልኩም። ስልሳ ሰው ሌባ ነው እያላችሁን ነው? እኔስ አለሁበት፣ እህተማርያምስ አለችበት።"

እጅ ነሺም የለ፣ አውራ ጣትም የለ። ሰማያዊ ምልክቱ ብቻ። ሁሉም ሰምቶታል።

የራሷን ጥያቄ መልሼ ለራሴ ጠየቅሁት። እውነቷን እኮ ነው… ሲበላ እኔ ጋ ነበር። ራሴን ነጻ ለማውጣት ከመካከላችን አንዱን ሌባ ማድረግ አለብኝ። ስሙን የማላውቀውን።

የካቲት 4

ስልክ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር። ወጣት ነው፣ አማርኛው የአዲስ አበባ።

"እትዬ ወርቂቱ ነሽ? ከሱፐርማርኬቱ ዋና ቢሮ ነው። ገንዘብሽ ተገኝቷል።"

ተቀመጥኩ።

"ሲስተሙ እንዲመልስልሽ ግን ሌላ ካርድ ትገዢና ቁጥሩን ታነቢልኛለሽ። ማረጋገጫ ነው። ወዲያው ሃያ ሺህ ይገባልሻል። ለማንም አትንገሪ፣ ፋይሉ እንዳይበላሽ።"

እሺ አልኩት። አዎ፣ እሺ አልኩት። ካውያውን ነቅዬ ወጣሁ። ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ካርዶቹ የተሰቀሉበት ጋ ደርሼ አንዷን ካነሣሁ በኋላ ነው ሚዛን የጻፈችው ትዝ ያለኝ። ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ሌባ ነው። እዚያው ቆምኩ። ስሜን ከየት አወቀው? እትዬ ማለቱስ? ጭንቀቴን ያየው የት ነው?

መልሼ ሰቀልኳት። ሁለቴ ደወለ፣ አላነሣሁም። ማታ ሚዛን ስትደውልበት ተዘግቷል።

ለእህተማርያም ነገርኳት። ደስ ብሎኝ ነበር የነገርኳት፣ ማስረጃ ያገኘሁ መስሎኝ። እሷ ለሚልካ ነገረቻት። ሚልካ ያለችውን ሰማሁት፦ "ስልኩን ከእሷ ሌላ ማን ሰማው?"

የካቲት 9

ባንክ ያለችኝ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ናት። ለጉልበቴ ሐኪም ያስቀመጥኳት። ልክፈለው ብዬ ለእህተማርያም ነገርኳት።

"እንዳታደርጊው እትዬ ወርቂቱ። ከከፈልሽ አመነች ይላሉ።"

"ካልከፈልኩስ?"

ፊደል ያስቆጠረችኝ ሴት ናት፣ ስሳሳት አትቆጣም ነበር። አሁንም አልተቆጣችም። ሻይዋን አማሰለች።

"አንቺስ ታምኚኛለሽ?" አልኳት።

"እኔ ምን አውቃለሁ… እግዚአብሔር ያውቃል።"

ስድስት ዓመት አጠገቧ ተቀምጬ። ይህን ብቻ።

የካቲት 12

ከፖሊስ ስልክ የለም። ሚዛን ኦቢውን ይዛ ብቻዋን ሄዳ ነበር። የያዘው ሰው ተቀይሯል አሏት። አዲሱ ከመጀመሪያው ንገሪኝ አላት።

ሥራዋን እያስፈታሁባት ነው። ይብቃሽ አልኳት። ይበቃል አላለችም፣ ግን እሺ አለች። ፊቷ ላይ እፎይታ አየሁ። አልፈርድባትም።

የካቲት 15

ባንታየሁ ዛሬ የገንዘብ መሳቢያውን ቆለፈ። ድሮም ይቆልፍ ነበር? አላስታውስም…

የካቲት 21

ማኅበር። ጾም ስለሆነ ሹሮና ጎመን። ላለመሄድ አስቤ ነበር፣ ቀረች ካሉ ፈራች ይላሉ ብዬ ሄድኩ። ቦታ ለቀቁልኝ፣ ጉልበትሽስ አሉኝ፣ በሰሃኔ ጨመሩልኝ። ስለ ካርድ ቃል ያነሣ የለም። ሚልካ እንኳ።

በመጨረሻ ጽዋው ይነሣል። የመጋቢት ተራ የእኔ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ አውቄዋለሁ፣ ለድግሱ አዲስ ትሪ ገዝቻለሁ። ብድግ ልል ስል እህተማርያም ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ።

"እትዬ ወርቂቱ ዘንድሮ ደክማለች። ሚልካ ታንሣላት፣ እሷ ሲሻላት ታነሣለች።"

ማንም ለምን አላለም። ሁሉም አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ጽዋው በፊቴ አለፈ። ሚልካ ተቀብላ ሳመችው፣ እልል ተባለ። እኔም አብሬ እልል አልኩ። ምን ላድርግ?

ያን ፋሲካ ቢያንስ ሳታውቀው ነው ብለው ነበር። አሁን ፊደል አውቃለሁ። አሁን ሳታውቀው የሚለኝ የለም።

የካቲት 24

ከባንክ አወጣሁ። ለርብቃ ገንዘብ አልሰጣትም ብዬ ወሰንኩ፣ ካርድም አልገዛም። ወተቱን በቆርቆሮ፣ ዳይፐሩን በሁለት ሳይዝ፣ ለወንዱ ወፍራም ብርድ ልብስ ገዝቼ ታክሲ ተሳፍሬ ርብቃ ዘንድ ሄድኩ። ለማንም አልነገርኩም። ደረሰኙንም ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ጣልኩት።

ዕቃውን ስታይ አልተደሰተችም። ቆማ አየችው። ከዚያ ሴቷን ሕፃን አስታቀፈችኝና አጠገቤ ተቀመጠች።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቆጪኝ።"

"በይ።"

"ቸግሮሽም ከሆነ… እኔ ከልቤ ይቅር ብዬሻለሁ። ችግርን እኔ አውቀዋለሁ። እግዚአብሔርም ይቅር ይበልሽ።"

አልወሰድኩም ልል አፌን ከፈትኩ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ይህንን ለመናገር ስንት ቀን እንደተዘጋጀች ያስታውቃል። አልወሰድኩም ብላት ልቧ ደነደነ ትላለች። ወተቱ ፊታችን ተከምሯል፣ እሱ ራሱ እየመሰከረብኝ። ሕፃኗ ጣቴን ይዛለች። ይቅር የሚለኝ ሌላ ሰው ደግሞ የለም።

አሜን አልኩ።

መጋቢት 11

ርብቃ ዛሬ ለመኖሪያ ወረቀቷ ቀጠሮ ነበራት። ልጆቹን የሚይዝላት አጣች። ትናንት ማታ፣ "እትዬ፣ አንቺ ብትመጪልኝ" ብላ ደወለች። ባንታየሁን አስፈቅጄ ሄድኩ።

ስደርስ ለብሳ ጨርሳለች። ወተቱ በየትኛው ማንኪያ እንደሚለካ፣ ወንዱ በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ አሳየችኝ። ሁለቱንም ሳመች። በሩ ጋ ከደረሰች በኋላ ተመለሰች። የረሳችው ነገር ያለ መስሎኝ ነበር። ቁም ሳጥኑን ቆለፈችው፣ ቀስ ብላ፣ ድምፅ እንዳያሰማ። ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ያላየኋት መስሏታል። እኔም እንዳላየ ጀርባዬን ሰጥቼ ጡጦ ማጠቤን ቀጠልኩ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልመጣችም። ሁለቱንም ሁለት ሁለቴ በጡጦ አጠባሁ፣ ቀየርኩ። ወንዱ ክብደት ጨምሯል። ደረቴ ላይ ተኛልኝ።

ለሚቀጥለው ሐሙስም ነይ ብላኛለች። እሺ ብያለሁ።